እማማ ታደለች ያላዩት ፊት

ጡረታ የወጣሁት በሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ። እጄንም ዓይኔንም የጨረስኩበት ሥራ ከተማውን ለቆ ሲሄድና እኔ ስቀር ሌላ ምን ልበለው? አሁን ሆሳዕና ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም በሚሰፋበት ቤት ጨርቅ ላይ በጠመኔ አሰምራለሁ። ልክ እወስዳለሁ፤ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ የሱሪ ቁመት። ጥሩ ሥራ ነው። ልጁ ሲለብሰው ወይ ይሆነዋል ወይ አይሆነውም፤ መልሱ እዚያው ነው። የድሮ ሥራዬ ግን ይሁን አይሁን እስካሁን አላውቅም። ስጽፈው ይገባኛል ብዬ ነበር የጀመርኩት። ገና አልገባኝም፤ ግን አንዴ ጀምሬያለሁ።

የድሮ ሥራዬ ለአኒሜሽን ፊልም ሰዎችን መንደፍ ነበር። ፊልሙ ጨለም ያለ፣ መጥፎ ሕልም የሚመስል ነገር ነው። በዚያ ፊልም ውስጥ ያሉት ሰዎች አንገታቸው ምን ያህል ይረዝማል፣ ሲቆሙ ወዴት ያጋድላሉ፣ ጥላቸው ከእነሱ ይበልጣል ወይስ ያንሳል የሚለውን የምወስነው እኔ ነበርኩ። አባቴ ሾኔ ላይ ሰው ሲጠይቀው "ኮምፒውተር ላይ ነች" ይል ነበር። እናቴ ደግሞ "ሥዕል" ስትል ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ የታመምኩ ይመስል።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤቴ የትም እንደማያስገባኝ ባወቅሁ ማግሥት ነው ከሾኔ ሆሳዕና አክስቴ ጋ የመጣሁት። መቀመጥ አይሆንልኝም። ሥራ ስፈታ የአክስቴን የግቢ በር በከሰል ሥዕል ሞላሁት። አክስቴ አልጮኸችም፤ እጄን ይዛ መናኸሪያው አጠገብ ታፔላ የሚሠሩት ጋሽ ሎምበቦ ዘንድ ወሰደችኝ።

"ይህችን ልጅ ቀለም ያስጨርሷት" አለቻቸው። "እኔ ያለኝ በር አንድ ነው።"

ጋሽ ሎምበቦ የፀጉር ቤት ጭንቅላት፣ የሥጋ ቤት በሬ፣ የትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ልብና ሳንባ የሚሥሉ ሰውዬ ናቸው። ብሩሻቸውን የሚጠርጉት በባርኔጣቸው ስለሆነ ባርኔጣው እንደ ድንጋይ ደርቋል፤ አውልቀው ሲያስቀምጡት ኳ ይላል። አያመሰግኑም። አይሰድቡምም። ሲሥሉ ከሰውየው ፊት ጀምረው አያውቁም። መጀመሪያ የሰውየውን ዙሪያ ብቻ ያወጡና ውስጡን በአንድ ጥቁር ቡናማ ቀለም ይደፍኑታል፤ ዓይን የለ፣ አፍ የለ። ከዚያ ታፔላውን ጆንያ ያለብሱትና መንገድ ላይ ወጥተው ያገኙትን ባጃጅ ያስቆማሉ። ጆንያውን ገልጠው ወዲያው መልሰው ይሸፍኑታል።

"አንተ፣ ምን አየህ?"

"ሰውዬ።"

"ምን የሚያደርግ?"

"ፀጉሩን የሚቆረጥ።"

"ሂድ።"

በቃ፣ ያ ሥዕል አለፈ ማለት ነው፤ ዓይንና አፍ ይገባለታል። ባለባጃጁ "አሪፍ ሥዕል ነው ጋሼ" ካለ ግን በናፍጣ የተነከረ ጨርቅ አንስተው ሙልጭ አድርገው ያጠፉታል። አንዴ የእኔን ሲያጠፉት አለቀስኩ።

"ሁለት ቀን የለፋሁበት እኮ ነው ጋሼ።"

"ባጃጁ ሁለት ቀን አይቆምልሽም" አሉኝ።

ልብ ብላችሁ እንደሆነ "ይመስላል ወይ?" ብለው አይጠይቁም። "ምን አየህ?" ነው ጥያቄያቸው፤ ሁልጊዜ። እኔ ያኔ ልብ አላልኩም። ልብ ብል ኖሮ ብዙ ነገር ይቀር ነበር መሰለኝ። እኔ እንጃ።

ከዚያ በማሽን የሚታተም ባነር መጣና የእጅ ታፔላ ሥራ ሳሳ። በዚያው ሰሞን ነው ተመስገን የመጣው። አዲስ አበባ ተምሮ፣ እዚያው ማስታወቂያ ሲሠራ ቆይቶ፣ ኮምፒውተሮቹን ጭኖ የአኒሜሽን ፊልም ሊሠራ ወደ እናቱ ቤት የተመለሰ ሰው ነው። ጋሽ ሎምበቦ ቤት ፊት ለፊት የቆመውን የፀጉር ቤት ታፔላ ትክ ብሎ አየና "ማነው የሣለው?" አለ።

"ምን አየህ?" አሉት ጋሽ ሎምበቦ።

"የፈራ ሰውዬ።"

ጋሽ ሎምበቦ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። "ይኸው ወንድሜ፣ ሣይዋ ይህች ነች፤ ውሰዳት። መቀሱን አይቶ የሚርበተበት ሰውዬ ሥላ ባለፀጉር ቤቱን ደንበኛ አሳጣችው።"

እንዲህ ነው የተቀጠርኩት። ደመወዙ ከታፔላው ይሻላል፤ ይዘገያል እንጂ። ውልም ፈርሜያለሁ፤ ምን እንደሚል አላነበብኩትም።

ስቱዲዮው የተመስገን እናት ግቢ ውስጥ፣ ከእንሰቱ ጀርባ ያለ የጭቃ ቤት ነው። መጀመሪያ ቀን ስገባ ግንባሬን የበሩ ጉበን መታኝ። ከኋላዬ አንዲት አሮጊት "ጎንበስ ብለሽ ግቢ ልጄ፤ በሩ አጭር ነው" አሉኝ። የተመስገን እናት፣ እማማ ታደለች ናቸው። ለመጣ ሰው ሁሉ ይህንኑ ይሉታል፤ ግን ሁልጊዜ ከተመታ በኋላ ነው። ውስጥ ብሩክ ተቀምጧል። ብሩክ እኔ የሣልኩትን የሚያንቀሳቅስ ልጅ ነው፤ የዱራሜ ልጅ፣ አፉ የማያርፍ።

"አንቺ ነሽ ፈሪ የምትሥዪው?" አለኝ።

"አንተን አይቼ አይደለም" አልኩት። ከዚያ ተስማማን።

ፊልሙ ስለ ተመስገን አያት ነው፤ የአባቱ አባት። ድሮ፣ አንድ የገበያ ቀን አንጋጫ አካባቢ ካለው ቤታቸው በበቅሎ ወደ ሀደሮ ወረዱ። አመሻሹ ላይ በቅሎዋ ብቻዋን ተመለሰች። ኮርቻዋ እንዳለ፣ የጫነችው ጨው እንዳለ። ሰውየው የሉም። ተፈለጉ፤ አልተገኙም። አስከሬን ስላልተገኘ መቃብር የላቸውም። ፎቶ ተነሥተው ስለማያውቁ መልካቸውም የለም። ተመስገን የተወለደው ከዚያ በኋላ ነው።

"አባቴ ሊሞት ሲል 'ከአባቴ አጠገብ ቅበሩኝ' አለን" ብሎኛል አንድ ቀን። "የት ብለን? ቦታ ልሰጠው አልቻልኩም። ቢያንስ የአባቱን ፊት ልስጠው።"

ለእሱ ነገሩ ይኸው ነው፤ ፊት። አያቱን አይተው ያውቁ ከነበሩት በሕይወት ያሉት እናቱ ብቻ ናቸው ማለት ይቻላል። ሐኪም ደግሞ ዓይናቸው ላይ ሞራ አይቷል። ስለዚህ ይቸኩላል። በፊልሙ ውስጥ አያቱ በየገበያው ቀን ይመለሳሉ፤ ቤቱ ግን አያውቃቸውም። በሩ ቦታ ይለውጥባቸዋል፣ በርጩማው እግሩን ያጥፍባቸዋል፣ እንስራ ውስጥ ያለው ውሃ ጀርባውን ይሰጣቸዋል። ይህን ሲነግረኝ ፀጉሬ ቆመ። ከዚያ ቁጭ ብዬ እንዴት እንደሚሣል ሳስብ ምንም አልመጣልኝም።

መጀመሪያ ስልኬ ላይ ያየሁትን ሁሉ ደፋሁበት። የጠቆረ የዓይን ጉድጓድ፣ የተሰፋ አፍ፣ እንደ ሽቦ የቀጠነ ጣት። ተመስገን ስክሪኑን አየና ወደ እኔ ዞረ።

"ይሄ ሰውዬ ቆጮ በልቶ ያውቃል?"

"ጨለማ ፊልም ነው አላልከኝም?"

"ነው። ጨለማው ግን የማን ነው?"

"የትራንስፎርመሩ" አለ ብሩክ።

ሣልኩ፣ ጣልኩ፤ እንደገና ሣልኩ። መብራት ሲጠፋ በወረቀት፣ ሲመጣ በታብሌት። ሕልም የሚመስል ሥዕል ቀላል ይመስለኝ ነበር፤ ዝም ብሎ ማጣመም። የተጣመመው ሁሉ ግን ወይ ያስቃል ወይ ያሰለቻል። አንድ ጧት ጉም ወርዶ ግቢው ሲሸፈን በረንዳ ላይ ቆሜ እንሰቱን አየሁ። እንሰት በጉም ውስጥ ሰው ይመስላል፤ ይሄ ለማንም የሚታይ ነው። እኔን የያዘኝ የደረቀው ቅጠሉ ነበር። ደርቋል፣ ተሰብሯል፣ ግን አልወደቀም፤ ግንዱ ላይ ተንጠልጥሏል። ልብሱን አውልቆ መጣል ያቃተው ሰው ነው የሚመስለው።

የፊልሙ ሰዎች ሕግ ከዚያ ወጣ። ያለፈባቸውን ነገር አይጥሉም፤ ይዘውት ይዞራሉ። አያትየው ሲሄዱ የድሮ ዓመታቸው እንደ ደረቅ ቅጠል ከወገባቸው ተንጠልጥሎ መሬት ይጠርጋል። አንገታቸው ከታች ሰፍቶ ወደ ላይ ይጠባል፤ እንደ እንሰት ግንድ። ጥቁር ቀለም ጭራሽ ከለከልኩ። ስክሪን ላይ ንጹሕ ጥቁር ቀዳዳ ነው የሚመስለው፤ ሰው ያለበት ጨለማ አይመስልም። ጨለማውን ከጥቁር አረንጓዴና ከቡናማ ሠራሁት፤ ቆጮ የሚቀበርበት ጉድጓድ ሲከፈት ከሥር እንደሚታየው ዓይነት። ከዚያ የአያትየውን ቅርጽ ድፍን አድርጌ አሳተምኩና ጆንያ ይዤ ወደ መንገድ ወጣሁ። ብሩክ በሳቅ ሊሞት።

"ምን አየህ?" አልኩት ያስቆምኩትን ባለባጃጅ።

"ሰውዬ።"

"ምን የሚያደርግ?"

ትንሽ አሰበ። "የሚመለስ" አለኝ።

ሮጬ ገባሁ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም።

ፊቱ ቀረ። ተመስገን አንጋጫ ድረስ ሄዶ ሽማግሌዎች ጠየቀ። በዚያ ዘመን ልጆች ነበሩ። አንዱ ረጅም ቀጭን ናቸው አለ፤ ሌላው አጭር ደንዳና አለ፤ ሦስተኛው "ፂም ነበራቸው እንዴ?" ብሎ መልሶ ጠየቀው። ስለዚህ እኔ ከዘር ሰበሰብኩት። የተመስገንን ግንባር፣ አባቱ ሲጠፉ ገና በእቅፍ የነበረውን የአጎቱን ጆሮ፣ ከአባቱ መታወቂያ ላይ አገጩን ወሰድኩ። ወጣ። የሚያስፈራም የሚያሳዝንም ፊት ነበር፤ ጉንጩ እንደ እንሰት ሽፋን በንብርብር የሚገለጥ። የሠራሁት እኔ ነኝና ልናገር፤ ጥሩ ፊት ነበር።

እማማ ታደለችን አስጠራናቸው። እሑድ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያን መመለሳቸው ስለሆነ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰዋል። ወንበር ላይ አስቀመጥናቸውና ተመስገን ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞረ። በከንባትኛ አንድ ነገር አላቸው። እኔ ሀዲያ ነኝ፤ ቋንቋው ጥቂት ጥቂት ነው የሚገባኝ፤ "አማትሽ መጡ" እንዳላቸው ኋላ ብሩክ ነገረኝ።

እማማ ታደለች ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ሳቡ። አንገታቸውን ደፉ። ከወንበሩ ተነሥተው በሩ ሥር መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ በጣም ቀስ ባለ ድምፅ ሰላምታ ሰጡ፤ ለትልቅ ሰው የሚሰጠውን።

 ተመስገን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ብሩክ እንኳ ቀልድ አጣ።  ከሌላ ሰው ግንባርና ከሌላ ሰው ጆሮ ያሰባሰብኩት ሰውዬ እውነተኛ ሆኖ ተገኘ፤ አወቋቸው፤ እንዲህ ነው የተረዳነው ሁላችንም። ማን ነው ሌላ ነገር የሚያስብ?

ወራት ሠራን በዚያ ፊት። ከፊት፣ ከጎን፣ ከሥር፣ ሲያስነጥሱ፣ ሲቆጡ፣ ውሃው ጀርባውን ሲሰጣቸው። ፊቱ ያለበት ትዕይንት እየበዛ፣ እያማረ ሄደ። ተመስገን ለዘመድ ሁሉ በስልክ ይልከው ጀመር፤ አጎቱ አሳትሞ ሳሎኑ ሰቀለው። አያት ያልነበረው ቤተሰብ አያት አገኘ።

አንድ ቀን አዲስ የሙሉ ቁመት ንድፍ አሳትሜ፣ ወረቀቶቹን በፕላስተር አያይዤ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ወረቀቱ ስለረዘመ እግሩ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም። እማማ ታደለች ድንች በዳጣ ይዘውልን ጎንበስ ብለው ገቡ፤ ሳህኑን አስቀምጠው ቀና ሳይሉ ቆሙ። ዓይናቸው የወረቀቱ ግርጌ ላይ ነበር።

"ይሄ ማነው?" አሉኝ።

"እሳቸው ናቸው እኮ እማማ። አማትዎ።"

"አይደሉም።"

"እንዴት?"

"የእሳቸው እግር እንዲህ አይደለም። የቀኝ አውራ ጣታቸው ጥፍር ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። ተረከዛቸውም ወደ ውጭ ይሄዳል።"

እስክሪብቶዬን ፈለግኩ። "እሺ አስተካክላለሁ። ፊታቸው ላይስ የሚቀር ነገር አለ?"

"ፊታቸው?" አሉ። ግራ ተጋብተው አዩኝ። "ፊታቸውን መቼ አየሁና?"

ተመስገን ከወንበሩ ዞረ። "እማ፣ ቤታቸው ስንት ዓመት ኖረሻል። እራት ታቀርቢላቸው አልነበረም?"

"አቀርባለሁ።"

"እግራቸውን ታጥቢ አልነበረም?"

"አጥባለሁ። አንተ ልጅ፣ ምራት አማቷን ቀና ብላ ታያለች እንዴ?"

እኔ ይህን አላውቅም። የእናቴ ቤት እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ቤተሰቡ ጸሎት ቤት መሄድ ሲጀምር ቀርቷል። ተመስገን ግን ግማሹን ያውቅ ነበር። በከንባታ የድሮ ምራቶች የአማታቸውን ስም አይጠሩም፤ ስሙን የሚመስል ቃል እንኳ ሲመጣ በሌላ ይተኩታል። ባሊሻ ይሉታል። ልጅ ሆነው እሱና እኅቱ እናታቸውን ያን ቃል ሊያስብሉ እየሞከሩ ይሥቁ ነበር። "ምላሷን አውቅ ነበር" አለኝ ኋላ። "ዓይኗን አላሰብኩም።"

"ታዲያ ያን እሑድ?" አልኳቸው። "ስክሪኑ ላይ ሲያዩዋቸው ሰላም አሏቸው እኮ።"

"ልጄ መጡ አለኝ። መጡ ከተባለ ተነሥቼ ሰላም እላለሁ። አጣራለሁ እንዴ?"

እንግዲህ እማማ ታደለች ያን ፊት አላዩትም ነበር። የአማታቸውን ፊት አላዩትም፤ እኔ የሣልኩትንም አላዩትም። ወራት የደከምንበት፣ አጎቱ ሳሎን የተሰቀለው፣ የማንም ያልሆነ ፊት ነው። ብሩክ መሣቅ ጀመረና ማቆም አቃተው፤ ክፉ ሳቅ አይደለም፣ ግን ሳቅ ነው። ተመስገን ወጥቶ በር ላይ የቆመ የጎረቤት ባጃጅ ውስጥ ከኋላ ተቀመጠ። ሹፌሩ መጥቶ "ወዴት ነው?" ሲለው "የትም" አለው።

እማማ ታደለች ድንቹ እንዳይቀዘቅዝ ነው የተጨነቁት።

ሥራውን ልተው ነበር። በማግሥቱ ጋሽ ሎምበቦ ዘንድ ሄድኩ። ታፔላ የለም፤ ሱቁ ግማሹ ለስልክ ካርድ ሻጭ ተከራይቷል፤ እሳቸው ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ሲሰሙኝ ዝንጅብል ያኝኩ ነበር።

"አሮጊቷን ምን ብለሽ ነው የጠየቅሻት?" አሉኝ።

"ፊታቸው ላይ የሚቀር ነገር አለ ወይ ብዬ።"

"ያየችውን አልጠየቅሽም?"

"ፊታቸውን አላዩም እያልኩዎት።"

"እሱን ሰማሁ" አሉና ዝንጅብላቸውን ተፉ። "ችኩል ነሽ። አሁንም ችኩል ነሽ።" ከዚያ በላይ አልተናገሩም። ስለ ሱቁ ኪራይ ማውራት ጀመሩ።

ተመልሼ እማማ ታደለች አጠገብ ቁጭ አልኩ። ጎመን እየቀነጠሱ ነበር። "እማማ፣ ምን አዩ?" አልኳቸው።

መጀመሪያ ጥያቄው አልገባቸውም። ሲገባቸው ግን የሚያቆማቸው ጠፋ። እግራቸውን ነገሩኝ። የጋቢያቸው ጠርዝ በስተግራ ሁልጊዜ ጭቃ ይነካዋል፤ በዚያ በኩል ስለሚያጋድሉ። ዱላቸውን ሲቆሙ ከመሬት ትንሽ ከፍ ያደርጉታል፤ እንደማያስፈልጋቸው ለማሳየት ይመስላል። ምግብ ሲቀበሉ በሁለት እጅ ነው፤ ከምራት በሁለት እጅ የሚቀበል ሌላ ወንድ አላዩም። ሲናደዱ የእግራቸው ጣት ይታጠፋል። አንዴ እማማ ነፍሰ ጡር ሆነው እንስራ ተሸክመው ሲገቡ፣ ያ እግር ከቦታው ተነሥቶ መንገድ ለቀቀላቸው፤ ዝም ብሎ ሄዶ ጥግ ላይ ቆመ። "ያን ቀን ቀና ልል ነበር" አሉ። ጎመኑን አራገፉ። "አላልኩም።"

ስልቱ የመጣው ከዚህ ነው። ካሜራውን አንገቷን የደፋች ሴት ዓይን ቁመት ላይ አወረድኩት፤ ለመላው ፊልም። ማንም ከደረቱ በላይ አይታይም። ከደረት በላይ ያ የቆጮ ጉድጓድ ጨለማ ነው። እግር፣ ጠርዝ፣ ዱላ፣ ሁለት እጅ፣ መሬት የሚጠርገው ደረቅ ቅጠል። በርጩማው እግሩን ሲያጥፍ ከእግር ጋር እኩል ስለሆንን በጣም ያስፈራል። ሰውየው ማን እንደሆነ ደግሞ ከተረከዙ ይታወቃል። እንደ ሥራ ካየሁት ከዚያ በፊትም በኋላም እንደሱ ያለ ነገር አልሠራሁም።

ተመስገን አልወደደውም።

"ፊት ነበር የፈለግኩት" አለኝ። "አንቺ እግር ሰጠሽኝ።"

"ፊቱ ውሸት ነው ተሜ።"

"አውቃለሁ። ውሸት ግን ፊት ነበር። አጎቴ ከግድግዳው ሊያወርደው እንቢ ብሏል፤ ታውቂያለሽ? ልጆቹ አያታችን ብለው ለምደውታል። አሁን ምን ልበላቸው? ጭንቅላት የለውም ልበል?"

 አሁንም ልክ የሆንኩ ይመስለኛል፤ ደግሞ ከተመስገን ላይ አንድ ነገር የነጠቅኩ ይመስለኛል፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ። ብሩክ "እናትህ የሚያውቁት ሰውዬ ይሄኛው ነው" ብሎ ባይገላግለን እስካሁን እንጨቃጨቅ ነበር። ተመስገን ቀጥሉ አለ። ስላመነበት አልነበረም። ሌላ አያት ስላልነበረው ነው።

ፊልሙን ያሳየነው እማማ ታደለች ሳሎን ውስጥ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ነው። መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ሸፈንን፤ ግድግዳው ላይ አንሶላ ወጠርን። ዘመድ ሞላ። ልጆቹ መሬት ላይ ተደረደሩ። አጎትየው ተቆጥቶ ከኋላ ቆሟል። እማማ ታደለችን ከፊት ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው፤ ተመስገን በዚህ ጊዜ ማን መጣ ማን ሄደ አላላቸውም።

ፊልሙ አጭር ነው። እማማ ታደለች ከመጀመሪያው ጀምሮ አንገታቸውን ደፍተው ነው የተቀመጡት፤ ከተደፋ አንገት ግን አንሶላው ይታያል፤ የሣልኩት ለዚያ ቁመት ነውና። በርጩማው እግሩን ሲያጥፍ ልጆቹ ተጠጋጉ። እንስራው ሲመጣና እግሮቹ መንገድ ለቀው ጥግ ሲቆሙ እማማ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። መጨረሻው ላይ እግሮቹ ደጃፍ ድረስ ይመጣሉ፤ የተሰነጠቀው ጥፍር ይታያል፤ ወደ እኛ ዞረው ይቆማሉ። አይገቡም። እንዳይገቡ የወሰንኩት እኔ ነኝ፤ ቤቱ ስለማያውቃቸው።

እማማ ታደለች ያኔ ቀና አሉ።

ቀስ ብለው፣ ነጠላቸው ከግንባራቸው እስኪንሸራተት ድረስ ቀና አሉ። ዓይናቸው እግሮቹን አለፈ፣ ጋቢውን አለፈ፣ ጨለማውን አለፈ፤ ከአንሶላው ጠርዝ ወጥቶ ባዶው ግድግዳ ላይ አረፈ። ሰውየው ፊት ቢኖራቸው ኖሮ የሚሆንበት ቦታ ላይ። 

"ጎንበስ ብለው ይግቡ" አሉ። "በሩ አጭር ነው።"

ፊልሙ አለቀ፤ አንሶላው ነጣ። ማንም አልተነሣም። እማማ ዓይናቸውን አላነሡም ከግድግዳው። ተመስገን አጠገባቸው ተንበረከከ።

"እማ፣ ምን አየሽ?"

"እየሳቁ ነው" አሉት።

ሞራ ይሁን፣ ትዝታ ይሁን፣ ያን ቀን እንስራ ተሸክመው ሳይሆን ሌላ ቀን ሰርቀው ቀና ብለው ይሁን፣ አላውቅም። እኔ በዚያ ፊልም ውስጥ ሳቅ አልሣልኩም። ተመስገን ከወር በኋላ ኮምፒውተሮቹን ጭኖ አዲስ አበባ ሄደ፤ ብሩክም ተከተለው፤ እኔ ወደ ጠመኔው ሄድኩ። ያን ቅዳሜ ግን ተመስገንም፣ አጎቱም፣ ልጆቹም፣ እኔም ዞረን ግድግዳውን አየን። ከአንሶላው በላይ አንድ ምስማር ብቻ ነበር። ከልጆቹ አንዷ እያየችው ፈገግ አለች።